ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፖስታ

ክብሪት ይቅርታ ጠይቂ ስትባል ደሟ የፈላው፣ ይቅርታ መጠየቅ ስለማታውቅበት አይደለም። ታውቅበታለች። ቤት ውስጥ በቀን ሦስት አራቴ ትጠይቃለች፤ አፏ ይቀድማል፣ ይቅርታዋ ከኋላ እየሮጠ ይደርሳል። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። ገና በዳዴ ሳለች «ይቺ ልጅ ሳይጭሯት ትነዳለች» አለና ክብሪት አላት። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ ይኸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ እንኳ በመዝገብ ስሟ የሚጠራት የለም።

አሁን ግን ጭረዋታል። ያውም ርዕሰ መምህሩ! «የጻፍኩት ውሸት ነው ብለሽ፣ ስምሽን ከሥሩ አድርገሽ፣ በጋዜጣው አውጪ» አላት። የጻፈችው ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። ጉድ እኮ ነው!

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። በትምህርት ቤቱ ተማሪ በፍላጎቱ መርጦ የሚማራቸው ትምህርቶች አሉ። ከነሱ ውስጥ ሦስቱን፣ የላቀ እንግሊዝኛን፣ ጋዜጠኝነትንና የፈጠራ ጽሑፍን፣ የምታስተምረው አንዲት መምህርት ናት። መምህርት ከመሆኗ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ጋዜጣ ቤት አራሚ ነበረች። ተማሪዎቿ «ቲቸር ገልብጪ» ይሏታል፤ ማናቸውም ጽሑፍ ሲያቀርቡላት የምትለው አንድ ነገር ስለሆነ ነው፤ «ገልብጠሽ አይተሻል?» ወረቀት ከሆነ ጀርባውን፣ ወሬ ከሆነ ሌላኛውን ወገን፣ ቁጥር ከሆነ ድጋሚ ቆጠራውን ማለቷ ነው። ክፍሏ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ኮምፒውተር አላት፤ አንደኛው ካልመቱት አይነሣም።

በዚህች ሴትዮ ክፍል ስም በዋዛ አይገኝም። በየወሩ በምትወጣው ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጽሑፎችሽ «በተማሪ ዘጋቢ» ተብለው ያለ ስም ይወጣሉ። አራተኛው ላይ ስምሽ ይታተማል። በሰማያዊ ደብተሯ ላይ ለእያንዳንዱ ተማሪ ምልክት ታደርጋለች፤ ለምነሽ አታሳጥሪውም፣ አልቅሰሽ አታሳጥሪውም። ክብሪት ሦስት ምልክት ነበራት። የቀራት አንድ ነው።

ይህን አራተኛ ጽሑፍ ከክብሪት በላይ የሚጠብቀው አባቷ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ባለው ማተሚያ ቤት የማሽን ሠራተኛ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ጋዜጣም የሚታተመው በሱ እጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስም ሲያትም ኖሯል። የሙሽራ ስም፣ የሐኪም ስም፣ የነጋዴ ስም፣ የሟች ስም። «የኛ ቤት ስም ግን ከውሃ ቆጣሪ ወረቀት በቀር ቀለም ነክቶት አያውቅም» ይላል፣ እየሳቀ፤ ሳቁ ግን ሆዱ ድረስ አይወርድም። የልጁ ተራ ሲደርስ ስሟን በየትኛው የፊደል ቅርጽ እንደሚያወጣው ካሁኑ መርጦ፣ በቁራጭ ወረቀት ሞክሮ፣ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ አኑሮታል።

ነገሩን የቆሰቆሰችው ታናሽ እህቷ ናት። ታናሿ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ዝምተኛ፣ ጥያቄ ሲጠይቋት እንኳ ከንፈሯን ብቻ የምታንቀሳቅስ። ዓመቱ ሲጀመር አሥረኛ ክፍሎች በሙሉ የምርጫ ትምህርት ቅጽ እንዲሞሉ ተሰጣቸው። ቅጹ መጨረሻ ላይ «ይህን ትምህርት ለምን መረጥክ/ሽ?» የሚል ሦስት መስመር አለ። ታናሿ የፈጠራ ጽሑፍ ነው የመረጠችው፤ ምክንያቱን ሦስት ቀን አሰበችበት። ቤት ውስጥ በረቂቅ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። ሦስቱ መስመር አልበቃ ብሏት ቅጹን ገልብጣ ጀርባውን ሞላችው። በአፏ የማትለውን ሁሉ እዚያ ላይ አለችው። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ «ምስጢራዊነቱ እንዲጠበቅ» ብሎ ባዘዘው መሠረት ፖስታ ውስጥ ከተተችው፣ አሸገችው፣ ስሟን ላዩ ላይ ጽፋ አስረከበች።

በሦስተኛው ቀን «በተማሪዎች ምርጫ መሠረት» የሚል ዝርዝር ተለጠፈ። ታናሿ ሒሳብ አያያዝ ደረሳት። ቤት መጥታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ክብሪት አንጀቷ አረረ። በማግስቱ አብራት ሄዳ ጸሐፊዋን ብትጠይቅ «የመረጠችው እሱን ነው፤ ቅጹ ላይ ያለው ነው የተሠራው» ተባለች። «እህቴ መቼ ነው ሒሳብ አያያዝ የመረጠችው?» ብትል፣ «ልጆች የመረጡትን ይረሳሉ» አለቻት። እዩት እንግዲህ! ጀርባው ድረስ የጻፈችውን ልትረሳው!

ከሁለት ወር በኋላ ክብሪት የድሮ የጋዜጣ እትሞች ፍለጋ ንብረት ክፍል ገባች። የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ከተሰባበሩ ወንበሮች በላይ ያለ ካርቶን አወረዱላት። ስትከፍተው በክር የታሰሩ አምስት እስር ፖስታዎች። የአምስቱ የአሥረኛ ክፍል ምድቦች። አቧራ ጠጥተዋል፤ ክዳናቸው እንደታሸገ ነው። ክሩን ሳትፈታ ጠርዝ ጠርዛቸውን በጣቷ እያለፈች ቆጠረች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ከስም ዝርዝሩ ጋር ልክ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ አንዱን እንኳ ከፍቶ አላየም! «በምርጫችሁ መሠረት» ብሎ የለጠፈው ሰውዬ ምርጫቸውን ሳያይ ነው ዓይኑን በጨው አጥቦ የለጠፈው።

ጻፈችው። ሦስተኛ ጽሑፏ እሱ ነው፤ ያለ ስም። ርዕሰ መምህሩ ከመታተሙ በፊት የእያንዳንዱን ገጽ ናሙና አይቶ ማኅተም ይመታል፤ የሚያየው ግን የራሱ ፎቶ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ማኅተሙን ከደረት ኪሱ ስለማይለየው ተማሪው ሰውዬውን «ማኅተሜ» ይለዋል። በዚያ ወር ፎቶው ፊት ገጽ ላይ ነበረች፣ የክብሪት ጽሑፍ ሦስተኛው ገጽ ላይ። መታ፣ መታ፣ መታ። ጋዜጣው ወጣ። ወላጆች አነበቡት፤ ከነሱም አንዱ ለበላይ መሥሪያ ቤት ስልክ ደወለ፤ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ለማኅተሜ ደወለ። ያን ጊዜ ነው ማኅተሜ ሦስተኛው ገጽ ምን እንደሚል የሰማው።

ክብሪትንና መምህርቷን ቢሮው አስጠራቸው። ተቀመጡ እንኳ አላለም።

«ማነው ይህን የጻፈ?»

«እኔ ነኝ» አለች ክብሪት።

«ቅጾቹ ተከፍተዋል። ተነብበዋል። ተመልሰው ነው የታሸጉት።»

«በምን ታሸጉ? በምራቅ?»

«ክብሪት!» አለች መምህርቷ።

«በሥርዓቱ ነው የታሸጉት!» ጠረጴዛውን ደበደበ። «ስሚ። በሚቀጥለው እትም እርማት ታወጫለሽ። ርዕሱ እርማትና ይቅርታ። ከአሥር መስመር አይበልጥም። ከሥሩ ስምሽ። ‹ተማሪ ዘጋቢ› ምናምን አልሰማም፣ ሙሉ ስምሽ! ይህ ካልሆነ ደግሞ፣ መምህርት፣ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ጋዜጠኝነትም የፈጠራ ጽሑፍም የሚባል ትምህርት እዚህ ግቢ አይኖርም። የላቀ እንግሊዝኛውንም ሌላ ሰው ይዞት ይሄዳል።»

ክብሪት መምህርቷን አየቻት። ይህች ሴትዮ አሁን እንደምትነሣ፣ ያንን ሰውዬ በነገር ገልብጣ እንደምታስቀምጠው ጠበቀች። መምህርቷ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ከዚያ «እሺ» አለች።

እሺ! በቃ፣ ከአፏ የወጣው እሱ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ክብሪት እሳት ጎረሰች። «ቲቸር፣ እውነት መሆኑን ያውቃሉ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እና እንዴት እሺ ይሉታል?»

«ክፍሉ ይዘጋል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ልጆች የት ይሄዳሉ?»

«አሁንስ የት ሄዱ? ፖስታ ውስጥ አይደሉ እንዴ!» ድምጿ ኮሪደሩን ሞላው፤ ሁለት ተማሪዎች ከበር ብቅ ብለው ተመለሱ። «ሦስት ጊዜ ያለ ስም እውነት ጻፍኩ። አሁን በስሜ ልዋሽ? አባቴ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የልጁን ስም የሚያትመው ለውሸት ነው?»

መምህርቷ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገች። «የክፍሉን ሕግ ታውቂያለሽ» አለች ዝግ ብላ። «እርማት የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ወደ ምንጩ ይመለሳል። ሄደሽ እንደገና ቁጠሪ።»

«ቆጥሬያለሁ!»

«ገልብጠሽ?»

ክብሪት ጥላት ሄደች። እንዲህ ተናዳ አታውቅም። በዚያ ሰውዬ መናደድስ ደግ፤ ከሱ ሌላ ምን ይጠበቃል? ከሷ ግን! «ገልብጠሽ» ትላለች ደግሞ፣ ራሷ በአንድ ቃል ተገልብጣ!

በቀጥታ ወደ ማተሚያ ቤቱ ነው የሄደችው። አባቷ እጁ ቀለም በቀለም ሆኖ ማሽን ሲያጸዳ አገኘችው። አንዱንም ሳታስቀር ነገረችው። ሲሰማ ጨርቁን አጥብቆ ይዞ ቆመ።

«አባዬ፣ አንድ መላ አለኝ። እነሱ የሚፈልጉትን ጽፌ ማኅተም ይመታበት። ከዚያ አንተ ማሽኑ ላይ ስታወጣው እውነተኛውን ትተካልኛለህ።»

«ወይ ፍንክች!»

«አባዬ!»

«ሠላሳ ዓመት ማኅተም ካረፈበት ሌላ አንዲት ፊደል ከዚህ ማሽን አልወጣችም። ሰው ያምነኛል። ሰውዬው ሌባ ቢሆን እኔም ልስረቅ?»

«እና ስሜን በውሸት ላይ ልታትመው ነው?»

አባቷ ጨርቁን ማሽኑ ላይ አኖረ። መሳቢያውን ከፈተ፣ ያቺን የሞከራትን ቁራጭ ወረቀት አየት አደረጋት፣ መልሶ ዘጋው። «ውሸት ይዘሽልኝ ከመጣሽ አትማለሁ፤ እንጀራዬ ነው። አንቺ ግን አታምጪው» አላት። ይኸው ነው። ክብሪት በሩን አላጋችውና ወጣች። በሩ ደግሞ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ ነው፤ ቢያላጉት እንኳ በወጉ አይጮህም፤ እሱም አናደዳት።

በማግስቱ ንብረት ክፍል የገባችው ሕጉን ልትፈጽም ሳይሆን በእልህ ነው። ቆጥራ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብላ፣ ወረቀቱን መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ልትወረውረው።

«ደግሞ መጣሽ?» አሉ ሽማግሌው። «ባንቺ የተነሣ ሰውዬው ስንት ቀን ጮኸብኝ መሰለሽ።» ይህን እያሉ ካርቶኑን አወረዱላት፤ ወንበርም ጠርገው ሰጧት።

አሁን ክሩን ፈታች። ፖስታዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች፣ ፊቱን፣ ክዳኑን፣ ታችኛውን ጠርዝ እያየች ወደ ጎን ደረደረች። የታናሿ ፖስታ ሁለተኛው እስር ውስጥ ነበር። ስትይዘው የእህቷን ጽሕፈት አየች፤ ቀጭን፣ ወደ ግራ ያዘነበለ። አልከፈተችውም፤ የሷ አይደለም። ግን እንባዋ መጣ፣ በንዴት ዋጠችው። ሦስት ቀን የታሰበበት ነገር እኮ ነው እዚህ የአይጥ ማስቲካ ሆኖ የተቀመጠው!

አራተኛው እስር ላይ እጇ ቆመ። አንድ ፖስታ ክዳኑ እንደታሸገ ነው፤ ታችኛው ጠርዙ ግን በምላጭ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል። ከላይ ከላይ ብትቆጥሪው ዓመት አይታወቅም። ገልብጣ ስሙን አነበበች። አሥረኛ ክፍል «መ»። የርዕሰ መምህሩ ልጅ።

ሽማግሌው ከትከሻዋ በላይ አዩና «እኔ ምንም አላየሁም» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ቅጾቹ የመጡ ዕለት እሱ ራሱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ነበር። ከኔ ግን አልሰማሽም» አሉና ቁልፋቸውን አንቀጫቀጩ።

ክብሪት ፖስታውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ለካ ተሳስታለች። «አንዱም አልተከፈተም» ብላ ነበር የጻፈችው። ተከፍቷል። አንዱ ተከፍቷል!

የምትጽፊው ስለ አንድ ሰው ከሆነ፣ ያንን ሰው ሳትጠይቂ አይወጣም፤ ይሄም የክፍሉ ሕግ ነው። የርዕሰ መምህሩን ልጅ ከቧንቧዎቹ አጠገብ እጇን ስትታጠብ አገኘቻት። ልጅቷም እንደ ታናሿ አሥረኛ ክፍል ናት፤ ክፉ አይደለችም፤ ዓይነ አፋር ናት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው» አለች ክብሪት። «መልስሽን ልጽፈው እችላለሁ። ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ። የምርጫ ቅጽሽ ፖስታ ተከፍቷል።»

«የሁላችንም ይከፈት የለ?»

«ያንቺ ብቻ ነው የተከፈተው።»

ልጅቷ ቧንቧውን ሳትዘጋ ቆመች። «ምን እንደመረጥኩ ቤት አልተናገርኩም ነበር» አለች በመጨረሻ። «አባቴ መሐንዲስ እንድሆን ነው የሚፈልገው። የፈጠራ ጽሑፍ መርጫለሁ ብዬ ብነግረው ይቆጣል ብዬ ፈራሁ። ግን ደረሰኝ። ዝርዝሩ የተለጠፈ ቀን ቤት ስገባ ‹ጥሩ ጽፈሻል› አለኝ። የት አነበብከው ብዬ አልጠየቅኩትም።»

ክብሪት ከመናደዷ የተነሣ ሳቋ መጣ። ሰውዬው ማንበብ ይችላል ማለት ነው! አንብቧል፤ አንብቦ ልቡ ተነክቷል፤ ተነክቶ የራሱን ሐሳብ ትቶ ልጁ የፈለገችውን ሰጥቷታል። አባት እንዲህ ነው እንጂ! ሁለት መቶ አሥራ አንዱስ? እነሱ አባት አልወለዳቸውም?

«ስሜን አትጥሪው» አለች ልጅቷ።

«አልጠራውም።»

«ውሸት ነው ግን አልልም» አለችና ቧንቧውን ዘጋችው።

ክብሪት እርማቱን በአንድ ተቀምጦ ጻፈችው። መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ አልወረወረችውም፤ አስቀመጠችው። መምህርቷ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ወረቀቱን ገለበጠች፣ ባዶ ጀርባውን አየች፣ መልሳ አነበበች። «አንድ ቃል አልነካውም» አለች። ከዚያ ኮቷን አነሣች። «ነይ፣ አብረን ነው የምንወስደው።»

«ክፍሉ ይዘጋል ብለውኝ ነበር።»

«ይዝጋው!» አለች መምህርቷ። ክብሪት ይህች ሴትዮ ስትጮህ የሰማችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማኅተሜ ስልክ እያናገረ ነበር። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሐል ቆልፎ ናሙናውን ተቀበለ። በእስክሪብቶው ጫፍ መስመሮቹን ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዘጠኝ ላይ አለቀ። ርዕሱን አየ። ከሥር ስሟን አየ። ስልኩን በእጁ ሸፍኖ «ይቅርታ የሚለው አለበት?» አለ።

«የመጨረሻው መስመር ላይ» አለች መምህርቷ።

«አንቺ አይተሽዋል?»

«ገልብጬ አይቼዋለሁ። ግን እርስዎም ቢያነቡት ይሻላል።»

«አንቺ ካየሽው በቃ።»

«ያንብቡት፣ ዘጠኝ መስመር ናት» አለች መምህርቷ።

«ሴትዮ፣ ሥራ አለብኝ!» ማኅተሙን ከደረት ኪሱ አወጣ፣ እስትንፋሱን እፍ አለበትና ጧ! አሳረፈው። «ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ደግሞ ራሷ በድምፅ ማጉያ ታነበዋለች። ሁሉም ይስማ።» ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ማተሚያ ቤት ውስጥ አባቷ ናሙናውን ወደ መስኮቱ ይዞ ማኅተሙን አየ። ከዚያ ጽሑፉን አነበበ። ክብሪት አጠገቡ ቆማለች፤ ይህ ሰውዬ አንዲት ቃል ከተናገረ ትፈነዳለች። አንብቦ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ መሳቢያውን ከፈተ፣ ያቺን ቁራጭ ወረቀት አወጣ።

«ማኅተም አለው» አለ። «ሰኞ እኔ ራሴ ነኝ የማደርሰው።»

ሰኞ ጠዋት ተማሪው ተሰለፈ። አባቷ የጋዜጣውን እስር ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ማኅተሜ መድረኩ ላይ ወጥቶ ስለ ሥነ ምግባር፣ ስለ ኃላፊነት፣ ብዕር ስለሚያመጣው ጣጣ ሩብ ሰዓት ተናገረ። «እንግዲህ ጥፋተኛዋ ራሷ ታነብላችኋለች» ብሎ ድምፅ ማጉያውን ሰጣት።

ክብሪት ወረቀቱን ዘረጋች። አነበበች።

«እርማትና ይቅርታ። ባለፈው እትማችን፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች የሞሏቸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የምርጫ ትምህርት ቅጾች ከነፖስታቸው ንብረት ክፍል እንደተቀመጡና አንዱም እንዳልተከፈተ ጽፈን ነበር። ተሳስተናል። አንድ በአንድ እየገለበጥን እንደገና ቆጥረናል። ያልተከፈቱት ሁለት መቶ አሥራ አንድ ናቸው። አንዱ ተከፍቷል። የተከፈተው የርዕሰ መምህሩ ልጅ ቅጽ ነው። እርሷም የመጀመሪያ ምርጫዋን አግኝታለች። ለስሕተታችን አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ከዚያ ሙሉ ስሟን አነበበች። የራሷን፣ የአባቷን፣ የአያቷን። በሩ አጠገብ አባቷ ኮፍያውን አወለቀ።

ማኅተሜ የሰማውን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ከእጇ መነተፈው። «ይህ ምንድነው? ማነው ይህን የፈቀደው? ማነው?»

አባቷ ሰልፉን መሐል ለመሐል አቋርጦ መጣ። ከሸሚዝ ኪሱ ናሙናውን አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋለት። «ማኅተምዎ ነው ጌታዬ» አለ በትሕትና።

ማኅተሜ ወረቀቱን አየ፣ መምህርቷን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ድምፅ ማጉያው አፉ ላይ መሆኑን ረስቶታል፤ ጩኸቱ ከግንብ ግንብ እያስተጋባ ግቢውን ሞላው።

«እኔ እኮ አላነበብኩትም!»

ማንም አልሳቀም። ከአሥረኛ ክፍሎች ሰልፍ መሐል፣ ጥያቄ ሲጠይቋት እንኳ ከንፈሯን ብቻ የምታንቀሳቅሰው ታናሿ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

«እናውቃለን!» አለች፣ ጮክ ብላ።

የንብረት ክፍሉ ሽማግሌ ማንም ሳያዛቸው ቁልፋቸውን አውጥተው ካርቶኑን ሊያመጡ ሄዱ።